ርካሽ የሸክላ ማጫወቻ ሁሉ አንድ አይደለም፤ ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ስለ ሸክላ ማጫወቻ ግዢ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን ከሰው ሰው ሲተላለፍ ነበር። ለእኔም ደረሰኝና ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። ጸሐፊው ሸክላ ከልባቸው የሚወዱ ሰው መሆናቸው ያስታውቃል። ስለ ሸክላ ድምፅ የጻፉትም ደስ ይላል። ለገዢ የሰጡትን ምክር ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ያንን ምክር አምነው ገንዘብ ለማውጣት የተዘጋጁ ሰዎች አውቃለሁ።

ላላነበበው ሰው ባጭሩ ላስቀምጠው። ጸሐፊው እንደሚሉት ከ500 ዶላር በታች የሚሸጥ ማጫወቻ ሁሉ አንድ ነው፤ ሸክላ ይፈጃል። ስለዚህ አቅም የሌለው ሰው በ60 ዶላር ሻንጣ መሳይዋን ትንሽ ማጫወቻ ገዝቶ ይገላገል። አቅም ያለው ደግሞ ባለ ቺንጋውን ትቶ ሞተሩ በቀጥታ የሚያዞረውን ብቻ ይግዛ። ፕሪአምፕ የሚባለው ድምፅ ማጉያ አብሮ የተሠራለትን እንዳይነካ። ከሁሉ የሚሻለው ግን የእ.ኤ.አ. 1970ዎቹን ማጫወቻ ከአሜሪካ ማስመጣት ነው፤ አዲስ አበባ ሲደርስ አንድ ትራንስፎርመር ይበቃዋል። በመጨረሻም የወላጆቻችን ሸክላ ተጫውቶ ያለቀለት ነውና ግድግዳ ላይ ይሰቀል፣ ለማድመጥ አዲስ የታተመ ይገዛ ይላሉ።

ከዚህ ሁሉ የማልስማማበት ይበዛል። የትራንስፎርመሩ ምክር ደግሞ የአስተያየት ጉዳይ አይደለም፤ ስሕተት ነው። በተራ ልሂድ።

"ከ500 ዶላር በታች ሁሉም አንድ ነው"

አይደለም። ትልቁ ልዩነት ያለው እዚያው ከ500 ዶላር በታች ነው።

ሸክላን የሚጎዳው የዕቃው ዋጋ ሳይሆን መርፌው ነው። ጫፉ ከምን ተሠራ? ምን ዓይነት ቅርፅ አለው? ስንት ግራም ይጫናል? አልቋል ወይስ ደህና ነው? ሸክላ ላይ ያለው ቦይ ውፍረቱ ከፀጉር አይበልጥም። መርፌው በዚያ ቦይ ግራና ቀኝ ግድግዳ ላይ ተደግፎ ነው የሚሄደው። ያረፈበት ቦታ እጅግ ጠባብ ስለሆነ አንድ ግራም ሲጨመር ልዩነቱ ትንሽ አይደለም።

መርፌው የሚሰካበት ክፍል ካርትሪጅ ይባላል፤ ደህና የሚባል ማግኔታዊ ካርትሪጅ ከ1 ግራም ተኩል እስከ 3 ግራም ተኩል ባለው ክብደት ይሠራል። የኦዲዮ-ቴክኒካን ኤልፒ60ኤክስ እንውሰድ። እንደ ጊዜው ከ150 እስከ 200 ዶላር ይሸጣል። የመርፌው ጫፍ አልማዝ ነው። ክብደቱ 3 ግራም አካባቢ ሆኖ ከፋብሪካው ተስተካክሎ ይመጣል። መርፌው ሲያልቅ በእጅ ተነቅሎ በአዲስ ይተካል። ይሄን ዕቃ "ሸክላ ይፈጃል" ማለት ከእውነት የራቀ ነው።

ከዚያ ከፍ ሲል ከ250 እስከ 400 ዶላር ባለው ውስጥ የፍሉዋንስ ማጫወቻዎችና የኦዲዮ-ቴክኒካ ኤልፒ120ኤክስ አሉ። እነዚህ ላይ መርፌውን የሚሸከመውን ክንድ ክብደት ራሳችሁ ታስተካክላላችሁ። ጸሐፊው ይሄን የባለሙያ ሥራ አድርገው አቅርበውታል። እስቲ እንየው። አንቲ-ስኬቲንግ የሚባል፣ ክንዱ ወደ መሐል እንዳይሳብ የሚያደርግ ቁልፍ ካለ መጀመሪያ ዜሮ ላይ ይደረጋል። ከክንዱ ጀርባ ያለችውን ድቡልቡል ክብደት እያዞራችሁ፣ ክንዱ ወደ ታችም ወደ ላይም ሳይል አየር ላይ ቀጥ ብሎ እንዲቆም ታደርጋላችሁ። ከዚያ ቁጥር ያለበትን ቀለበት ብቻ ይዛችሁ ዜሮውን ከመስመሩ ጋር ታገጥማላችሁ። ቀጥሎ ክብደቷን ከነቀለበቷ አዙራችሁ አምራቹ ያዘዘው ቁጥር ላይ፣ ለምሳሌ 2 ላይ፣ ታቆማላችሁ። አንቲ-ስኬቲንጉንም እዚያው ቁጥር ላይ ታደርጉታላችሁ። አለቀ። ቡና እስኪፈላ እንኳ አይቆይም።

ከ500 ዶላር በላይ ሲከፈል የሚገኝ ነገር የለም እያልኩ አይደለም። ኩሽኔታው ይሻላል፣ ክንዱ ይሻላል፣ ከበስተኋላ የሚሰማው ጉርምርምታ ይቀንሳል። ደህና አምፕሊፋየርና ስፒከር ያለው ሰው ልዩነቱን ይሰማዋል። ስፒከሩ ደካማ የሆነ ሰው ግን አይሰማውም። 500 ዶላር ያለው ጀማሪ 200ውን ለማጫወቻ፣ የቀረውን ለጥንድ ስፒከር ቢያውል ገንዘቡ በደንብ ሠራለት ማለት ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር፤ ጽሑፉ ጨርሶ አላነሳውም። የእኛ ሸክላ አብዛኛው ባለ 45 ዙር፣ ማለትም በደቂቃ 45 ጊዜ የምትዞረው ትንሿ ሸክላ ናት። በአንድ ፊት አንድ ዘፈን። ለመስማት ቶሎ ቶሎ መነሳት፣ መገልበጥ፣ መቀየር አለ። ከውድ ዕቃዎች አንዳንዶቹ ከትልልቁ ሸክላ 33 ዙር ወደ 45 ለመለወጥ የሚሽከረከረውን ሰሃን አንስቶ ቺንጋውን በእጅ ወደ ሌላኛው ጥርስ ማዘዋወር ይጠይቃሉ። የሬጋ ማጫወቻዎች ብዙዎቹ እንደዚህ ናቸው። ትልልቅ ሸክላ ብቻ ለሚሰማ ሰው ችግር የለውም። ዛሬ አመሻሽ የአባቱን ባለ 45ቶች ከትላልቆቹ ጋር እያፈራረቀ ሊሰማ ለተቀመጠ ሰው ግን አድካሚ ነው። ርካሹ ኤልፒ60ኤክስ ላይ ፍጥነቱ በቁልፍ ይለወጣል። 7 ኢንች ወይም 12 ኢንች ብሎ የሚመርጥ ማብሪያ አለው፤ መነሻውን ስትጫኑ ክንዱ ራሱ ሄዶ ቦታው ላይ ያርፋል፤ ዘፈኑ ሲያልቅ ራሱ ይመለሳል። መሐሉ ሰፊ ቀዳዳ ላላቸው ሸክላዎች የሚሆን ማቻቻያም አብሮት ይመጣል። ዓይናቸው ለደከመ፣ እጃቸው ለሚንቀጠቀጥ እናትና አባት ከዚህ የተሻለ የለም። መርፌ በእጅ ማስቀመጥ የለ፣ መቧጨር የለ።

"አቅም የሌለው ሻንጣዋን ይግዛ"

ይሄ ምክር ከራሱ ጋር ይጋጫል። ሸክላ የሚፈጅ ዕቃ አትግዙ ብሎ ጀምሮ፣ ድሃ ከሆናችሁ ግን ከሁሉ የባሰውን ግዙ ብሎ ያበቃል።

ሻንጣዋ ሸክላን በአንድ ምሽት ገደል አትከትም። ይህንን ማጋነን አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹና 70ዎቹ ቡና ቤት ውስጥ የነበሩት ማጫወቻዎች መርፌም ከባድ ነበር። እነዚያ ሸክላዎች ብዙዎቹ ዛሬም ይዘፍናሉ። ችግሯ ሌላ ነው። አብዛኞቹ ሻንጣ መሳዮች ውስጥ ያለው ሴራሚክ የሚባለው ካርትሪጅ ነው። እንዲሠራ 5 ግራምና ከዚያም በላይ ይጫናል። ክንዱ አይስተካከልም። አብሮ የሚመጣው መርፌ ብዙ ጊዜ ሰንፔር ነው፤ ከአልማዝ ጋር ሲነጻጸር ቶሎ ያልቃል፤ ያለቀ መርፌ ደግሞ እውነተኛው የሸክላ ጠላት ነው። ስፒከሯ እዚያው ሣጥኑ ውስጥ ስለሆነ የስፒከሩ ንዝረት ተመልሶ መርፌው ላይ ይደርሳል። ድምፁን ከፍ ስታደርጉት መርፌው መዝለል ይጀምራል።

መዝለል ሲጀምር ሰው ምን እንደሚያደርግ እናውቃለን። ካርትሪጁ ላይ ሳንቲም ይጭናል። የአሜሪካዋ አንድ ሳንቲም 2 ግራም ተኩል ትመዝናለች። 5 ግራም የነበረው 7 ግራም ተኩል ሆነ ማለት ነው። መርፌው መዝለሉን ያቆማል፤ ቦዩን ግን እያረሰ ይሄዳል። ጉዳቱ የሚመጣው እንዲህ ነው።

60 ዶላር ብቻ ያለው ሰው ትንሽ ይቆይ ነው የምለው። ወይም ያገለገለ፣ መርፌው አዲስ የተቀየረለት፣ ማግኔታዊ ካርትሪጅ ያለው ቀላል ማጫወቻ ይፈልግ። ሻንጣዋን የገዛ ሰው ሸክላውን ከወደደው ዞሮ ዞሮ ሌላ መግዛቱ አይቀርም። ካልወደደው ደግሞ ብዙ ጊዜ ያስጠላው ሸክላው ሳይሆን የሻንጣዋ ድምፅ ነው። የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው።

"ቺንጋ ያለው አይገዛም"

በዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። ሞተሩ በቀጥታ የሚያዞረው ዓይነት ዝናውን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1972 በወጣው በቴክኒክስ ኤስኤል-1200 ነው። ዲጄዎች ወደዱት፤ ወዲያው ይነሳል፣ በእጅ ወደኋላ ሲጎትቱት አይጨነቅም። ቤቱ ተቀምጦ ለሚያደምጥ ሰው ይሄ ጥቅም የለውም። ቺንጋ ደግሞ የራሱ ጥቅም አለው፤ ላስቲክ ስለሆነ የሞተሩን ንዝረት ወደ ሰሃኑ እንዳያልፍ ያስቀረዋል። በሺዎች ዶላር የሚሸጡ ብዙ ማጫወቻዎች እስካሁን ባለ ቺንጋ ናቸው።

ቺንጋ ያረጃል፣ ይላላል፤ ይሄ እውነት ነው። በየጥቂት ዓመቱ ይቀየራል፤ አብዛኛውን ጊዜ ካቻቢቴ እንኳ አያስፈልግም፤ ሰሃኑን ማንሳት በቂ ነው። አዲስ አበባ ላለ ሰው ልኩን ማግኘት ሊያስቸግር ይችላል። ስለዚህ ማጫወቻው ሲታዘዝ ትርፍ ቺንጋና ትርፍ መርፌ አብረው ይታዘዙ። ሁለቱም ቀላል ናቸው፤ ኪሎ አይወስዱም።

"ፕሪአምፕ ያለበትን አትንኩ"

ጸሐፊው ይህን ሲሉ ፕሪአምፕ ምን እንደሚሠራ አልነገሩንም። ሸክላ ሲቀረጽ ወፍራሙ ድምፅ ተቀንሶ ቀጭኑ ጎልቶ ነው የሚቀረጸው። አለዚያ ቦዩ ሰፍቶ ብዙ ዘፈን አይይዝም ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1954 ጀምሮ ይሄ አቀራረጽ አንድ ወጥ መለኪያ ወጥቶለታል። ፕሪአምፕ ያንን ገልብጦ ይመልሳል። ከካርትሪጅ የሚወጣው ድምፅ ጥቂት ሚሊቮልት ብቻ ስለሆነም ያጎላዋል። ያለ እሱ ድምፁ ከሩቅ የሚመጣ፣ ቀጭንና ባዶ ነው።

አብሮ የተሠራው ፕሪአምፕ ለጀማሪ ይበቃል። ለብቻው የሚሸጥ ጥሩ ፕሪአምፕ የተሻለ ድምፅ ሊሰጥ ይችላል፤ ግን ለዚያ ሲባል አሁን መግዛት አያስፈልግም። ከጀርባ "ፎኖ" እና "ላይን" የሚል ማብሪያ ካለው የውስጡን አጥፍቶ በኋላ በሌላ መተካት ይቻላል። ጀማሪ የሚሳሳተው እዚያች ማብሪያ ላይ ነው። አምፕሊፋየራችሁ "ፎኖ" የሚል መሰኪያ ካለው ማጫወቻውን "ፎኖ" ላይ አድርጋችሁ እዚያ ሰኩት። ከሌለው "ላይን" ላይ አድርጋችሁ በተራው መሰኪያ አስገቡ። ሁለቱም ቦታ ፕሪአምፕ ከሠራ ድምፁ ይሰነጣጠቃል። ሁለቱም ቦታ ከሌለ አይሰማም ማለት ይቻላል። ስንት ሰው ደህናውን ዕቃ ተበላሽቷል ብሎ እንደመለሰ!

"ከአሜሪካ አሮጌ አስመጡ፤ ትራንስፎርመር ይበቃል"

አሁን ወደ ዋናው መጣን። ብዕር ያነሳሁት በዚህ ምክንያት ነው።

ያገለገለ ማጫወቻ እወዳለሁ። የእ.ኤ.አ. 1970ዎቹ የጃፓን ሥራ ዛሬ በዚያ ዋጋ አይገኝም። ሰው አሮጌ አይግዛ አልልም። ትራንስፎርመር ይበቃል የሚለው ግን ብዙ ሰው ያስከስራል።

የአሜሪካ መብራት 120 ቮልትና 60 ኸርዝ ነው። የኢትዮጵያ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ። ኸርዝ ማለት መብራቱ በሴኮንድ ስንት ጊዜ እንደሚመታ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ይቀንሳል። ኸርዙን አይነካም። ስታብላይዘርም አይነካም። የዚያ ዘመን ማጫወቻዎች ብዙዎቹ ደግሞ ፍጥነታቸውን የሚወስዱት ከመብራቱ ኸርዝ ነው። ሞተራቸው ሲንክሮነስ የሚባለው ዓይነት ነው፤ መብራቱ በሚመታው ልክ ይዞራል። 60 ተብሎ የተሠራው 50 ሲያገኝ ፍጥነቱ በአንድ ስድስተኛ ይወርዳል። 33⅓ የነበረው 27.8 ይሆናል። 45 የነበረው 37.5 ይሆናል። ዜማው ከሦስት ግማሽ ድምፅ በላይ ይወርዳል። ይሄ ደግሞ ሙዚቃ የማያውቅ ጆሮም የሚሰማው ነው።

አንድ ወዳጄ ቤት ይሄንኑ አይቻለሁ። ወንድሙ ከቨርጂኒያ የላከለት ከባድ፣ የሚያምር፣ እንጨቱ የሚያብረቀርቅ ማጫወቻ ነበር። ትራንስፎርመር ተገዛ፣ ተሰካ፣ ሸክላ ተጫነ። ዘፋኟ ከእንቅልፏ ያልነቃች ትመስል ነበር። ከበሮው ይጎተታል። መጀመሪያ ሸክላው ነው ተባለ። ሌላ ተሞከረ፤ ያው ነው። ሬድዮ ጠጋኝ ተጠራ። ከፍቶ ዘይት ቀባው፣ ቺንጋ ቀየረ፣ ገንዘቡን ተቀበለ። ለውጥ የለም። በመጨረሻ ዕቃውን ገልብጠን ከሥሩ ያለችውን ትንሽ ጽሑፍ ስናነብ 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ትላለች። ማጫወቻው ምንም አልሆነም። ጤነኛ ነው። የሚፈልገው መብራት ብቻ ነው የሌለው።

እንዲያውም የሚያሳስት ነገር አለ። ብዙ አሮጌ ማጫወቻዎች በሰሃኑ ጠርዝ ላይ ነጠብጣቦችና ከጎናቸው ትንሽ መብራት አላቸው። ነጠብጣቦቹ የቆሙ ሲመስሉ ፍጥነቱ ልክ ነው ይባላል። መብራቷ የምትበራው ግን ከዚያው 50 ኸርዝ መስመር ነው። ስለዚህ ለ60 የተሠሩት ነጠብጣቦች ሰሃኑ ቀርፈፍ ብሎ እየዞረም የቆሙ ይመስላሉ። ዓይን ልክ ነው ይላል፤ ጆሮ አይደለም ይላል። ጆሯችሁን እመኑ።

ታዲያ ምን ይደረግ? ከጀርባው ወይም ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ ፎቶ አንስተው እንዲልኩላችሁ ጠይቁ። "50/60 ኸርዝ" የሚል ከሆነና ቮልት መቀየሪያ ካለው ብዙ ጊዜ አያስቸግርም፤ ግን አንዳንዱ ለ50 ኸርዝ የሚሆን ሌላ ፑሌ፣ ማለትም ሞተሩ ላይ ያለች ቺንጋ የሚዞርባት ትንሽ ጎማ፣ ይፈልጋል። "60 ኸርዝ" ብቻ የሚል ከሆነ ሞተሩ ምን ዓይነት እንደሆነ ሳይጣራ ገንዘብ አይከፈል። በዲሲ፣ ማለትም ከባትሪ እንደሚወጣው ባለ መብራት፣ የሚሠራ ወይም ክዋርትዝ የሚል ምልክት ያለበት ዓይነት ፍጥነቱን ራሱ ስለሚቆጣጠር ኸርዙ አያስጨንቀውም፤ ለእሱ ትራንስፎርመር በእርግጥም ይበቃዋል። ጸሐፊው ይህን ለይተው ቢጽፉ ኖሮ ምክራቸው ጥሩ ምክር ይሆን ነበር።

ሌላው መንገድ አሮጌውን ከአውሮፓ ማስመጣት ነው። ጀርመን፣ ጣሊያን፣ ስዊድን ዘመድ ያለው ሰው ዕድለኛ ነው፤ እዚያ መብራቱ እንደ እኛው 50 ኸርዝ ነው፣ ቮልቱም ይቀራረባል። እስራኤልና ዱባይም እንደዚሁ። ሳዑዲ ግን 60 ኸርዝ ናት። ቮልቷ ከእኛ ጋር ስለሚመሳሰል ሰው ልብ አይለውም።

አዲስ ማጫወቻ ከሆነ ነገሩ ይቀላል። አብዛኞቹ ርካሽ አዳዲሶች በትንሽ አዳፕተር በዲሲ ይሠራሉ። አዳፕተሩ ላይ "100-240 ቮልት፣ 50/60 ኸርዝ" ከተጻፈ ስፒና መቀየሪያ ብቻ በቂ ነው። 120 ብቻ ከተጻፈ አዳፕተሩ ይቀየራል፤ የሚያወጣው ቮልት፣ አምፔርና የፖዘቲቭ ኔጌቲቩ አቀማመጥ ከመጀመሪያው ጋር መግጠም አለበት። ለአዲስ አበባ ሰው ርካሹን አዲስ የምመርጥለት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው።

ማጫወቻው በተጓዥ ሻንጣ ውስጥ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ መርፌው ተሸፍኖ፣ ክንዱ በለስላሳ ገመድ ታስሮ፣ የጀርባው ክብደት ወልቆ፣ ሰሃኑ ተነሥቶ ለብቻው ተጠቅልሎ ይምጣ። ሰሃኑ ላዩ ላይ እንዳለ የመጣ ማጫወቻ ኩሽኔታው ተጎድቶ ሊደርስ ይችላል።

"የአባቶቻችን ሸክላ አልቆለታል"

ይሄ ሆዴን አባባው።

አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ ሪከርድስ የተባለውን ሸክላ አሳታሚ ሲያቋቁም ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ውስጥ የነበረ ወጣት ነው። ሸክላ የማሳተም መብት በሕግ ለሀገር ፍቅር ቴአትር ተሰጥቶ በነበረበት ጊዜ ነው ደፍሮ የገባበት። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ100 በላይ ባለ 45 ሸክላዎችን አወጣ። አሊ ታንጎ እየተባለ የሚታወቀው አሊ አብደላ ካይፋ በካይፋ ሪከርድስ ተከተለ። ፊሊፕስም ሸክላ ያሳትም ነበር። ከአብዮቱ በኋላ ካሴት ሸክላውን ተካው፤ አምሃም ወደ አሜሪካ ተሰደደ። በዚያች አጭር ጊዜ ታትመው በየቤቱ የተበተኑት ትንንሽ ሸክላዎች ናቸው ዛሬ ቁምሣጥን ላይ አቧራ የሚጠጡት። ዳግም የታተሙት ተመርጠው ነው። ያልተመረጠው ዘፈን፣ በተለይ በሁለተኛው ፊት ያለው፣ ብዙ ጊዜ ሌላ ቦታ አይገኝም። ማስተር ቴፑ፣ ማለትም ዘፈኑ መጀመሪያ የተቀዳበት ቴፕ፣ በመጥፋቱ ዳግም እትሙ ራሱ ከደህና ሸክላ ላይ የተቀዳበት ጊዜም አለ። ግድግዳ ላይ ስቀሉት የተባለው ይሄ ነው።

አዲስ የታተመ መግዛትን አልቃወምም። ጥሩ ነገር ነው፤ ይገዛ። የድሮው ግን አላለቀም።

በመጀመሪያ፣ ግድግዳ ራሱ ጉዳት ነው። ፀሐይ የሚያገኘው ሸክላ ይጣመማል። ሸክላ በልባሱ ሆኖ፣ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ሙቀት በሌለበት ቦታ ነው የሚቀመጠው። በጀርባ ተደራርቦም አይሆንም።

ሁለተኛ፣ "አልቋል" የሚያሰኘው ጩኸት አብዛኛው ቆሻሻ ነው። ሃምሳ ዓመት ሙሉ የገባ አቧራና የጣት ቅባት ነው። በተጣራ ውኃ፣ አንዲት ጠብታ የዕቃ ሳሙና ተጨምሮ፣ በለስላሳ ጨርቅ ቦዩን ተከትሎ በክብ ይታጠባል፤ መሐል ያለው ወረቀት እንዳይርስ ይጠበቃል፤ ከዚያ በንጹሕ ውኃ ተለቅልቆ በደንብ ይደርቃል። ከመታጠቡ በፊት ያልሰማችሁት ክራር ከታጠበ በኋላ ይሰማል። አልኮል ግን ተጠንቀቁ። በተለይ ባለ 78 ዙሩን፣ ከባዱንና ተሰባሪውን የድሮ ሸክላ አልኮል ያሟሟዋል።

ሦስተኛ፣ በእርግጥ የተበላ ሸክላም ቢሆን በሌላ ቅርፅ መርፌ ይሻሻላል። የድሮ ከባድ መርፌ የቦዩን ግድግዳ የበላው በአንድ ከፍታ ላይ ነው። ኤሊፕቲካል የሚባለው፣ ጫፉ ሞላላ የሆነው መርፌ ከዚያ ትንሽ ለየት ያለ ቦታ ይነካል፤ አንዳንድ ሸክላ ላይ ልዩነቱ ያስደንቃል። ሌላ ሸክላ ላይ ደግሞ ክቡ መርፌ ጩኸቱን ይቀንሳል። ሁለት መርፌ ይዞ መሞከር ነው። ከዚያ ዘመን ባለ 45ቶች ብዙዎቹ ሞኖ፣ ማለትም ግራና ቀኙ አንድ ዓይነት ድምፅ፣ ስለሆኑ አምፕሊፋየሩ ላይ "ሞኖ" የሚል ቁልፍ ካለ መጫን የብስጭቱን ግማሽ ያስወግዳል።

ባለ 78ቱ ለብቻው ጉዳይ ነው። ገጣሚውና ዘፋኙ ተሰማ እሸቴ ከመቶ ዓመት በፊት ጀርመን ሄዶ ካስቀዳቸው ጀምሮ ያሉት የዚህ ዓይነት ናቸው። ቦያቸው ሰፊ ነው፤ ለእነሱ የሚሆነው መርፌ ጫፉ ከተራው ሸክላ መርፌ ከሦስት እጥፍ በላይ ይሰፋል። ስለዚህ ማጫወቻው 78 የሚል ቁጥር ስላለው ብቻ አይጫንም። መርፌውም መቀየር አለበት። ኤልፒ120ኤክስ ባለ 78 ፍጥነት ነው፣ ለካርትሪጁም ለ78 የተሠራ መርፌ ለብቻው ይሸጥለታል። ቤታቸው እንዲህ ያለ ሸክላ ያለ ሰዎች ትንሽ ጨምረው ይህኛውን ቢገዙ ይሻላቸዋል።

ዩኤስቢ ያለውን ከመረጣችሁ ደግሞ ከኮምፒውተር ጋር አገናኝታችሁ መቅዳት ትችላላችሁ። ሸክላው ታጥቦ፣ በአዲስ መርፌ፣ መጀመሪያ ሲጫወት ይቀዳ። ከዚያ በኋላ ቅጂውን ለወንድም ለእኅት መላክ ነው። ሸክላውን ራሱን ለደላላ ለመሸጥ አትቸኩሉ፤ የውጭ ሰብሳቢዎች የዚያን ዘመን ባለ 45ቶች በውድ እንደሚፈልጓቸው ደላላው ያውቃል፣ ሻጩ ግን ብዙ ጊዜ አያውቅም።

መርፌን በተመለከተ አንድ ቁጥር ልተው። ኦዲዮ-ቴክኒካ ራሱ ለክቡ መርፌ 500 ሰዓት፣ ለኤሊፕቲካሉ 300 ሰዓት ያህል ዕድሜ ይሰጣል። በቀን አንድ ሰዓት የሚያደምጥ ሰው ኤሊፕቲካሉን ዓመት ሳይሞላው ይቀይራል ማለት ነው። ያገለገለ ማጫወቻ የገዛ ሰው ደግሞ የድሮው መርፌ ስንት ሰዓት እንደሠራ ስለማያውቅ፣ አንድም ሸክላ ሳይጭን በፊት ይቀይረው።

ለጸሐፊው አንድ ልመና አለኝ። በቀሩት ነጥቦች ላይ ባንስማማም ችግር የለውም፤ ስለ ቺንጋና ስለ ፕሪአምፕ ብዙ ሊባል ይችላል። የትራንስፎርመሯን መስመር ግን እባክዎ ያስተካክሏት። ጽሑፍዎ አሁንም እየተላለፈ ነው፤ በዚህ ክረምት ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመዱን ማጫወቻ ይዞልኝ ይምጣ ብሎ የሚጠብቅ ሰው አለ።